የዓለም ሽማግሌ ኡ ታንት፦ መምህርነት፣ ዲፕሎማሲና የተቀማ አስከሬን

የቀበና ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሰሞኑን ስለ ኡ ታንት ሳነብ ነው የከረምኩት። ኮፊ አናንን ሁላችንም እናውቃለን። ቡትሮስ ጋሊንም እናስታውሳለን። እኚህን የበርማ (የዛሬዋ ምያንማር) ሰው ግን ከእኔ እኩዮች የሚያውቃቸው ጥቂት ነው። ከ1961 እስከ 1971 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ከአውሮፓ ውጭ የመጡ የመጀመሪያው ማለት ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከመጨረሻው ልጀምር። እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነውና።

ኖቬምበር 25 ቀን 1974 ኒውዮርክ ውስጥ በሳንባ ካንሰር አረፉ። 65 ዓመታቸው ነበር። አስከሬናቸው በድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት ለስንብት ቀረበ። ከዚያ በአውሮፕላን ወደ ያኔዋ የበርማ ዋና ከተማ ራንጉን ተላከ። ያኔ በርማን የሚገዛው ጄኔራል ኔ ዊን ነው። ኔ ዊን ኡ ታንትን በዓይኑ ማየት አይፈልግም። ምክንያቱም የኡ ኑ የልብ ወዳጅ ናቸው። ኡ ኑ በ1962 ኔ ዊን በመፈንቅለ መንግሥት ያወረዳቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ናቸው። ከእስር ከወጡ በኋላ በ1969 ኒውዮርክ ሄዱ። እዚያው በተባበሩት መንግሥታት ሕንፃ ውስጥ ጋዜጠኛ ሰብስበው ኔ ዊን መውረድ አለበት አሉ። ኡ ታንት በቦታው አልነበሩም። ኔ ዊን ግን ሁለቱ ተማክረው ያደረጉት ነው ብሎ ቂም ያዘ።

እና አስከሬኑ ሲደርስ አንድም ትልቅ ባለሥልጣን አልተቀበለውም። አንድ የትምህርት ምክትል ሚኒስትር ብቻ አውሮፕላን ማረፊያ ሄደ። እሱም ከሥራው ተባረረ። መንግሥት ያለ ምንም ሥነ ሥርዓት ይቀበሩ አለ። ሕዝቡ ግን ኪያይካሳን ወደሚባለው የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ጎረፈ። ሳጥኑ እዚያ ነበር የተቀመጠው። የቀብሩ ዕለት፣ ዲሴምበር 5፣ ተማሪዎች ሳጥኑን ቀምተው ዩኒቨርሲቲ ግቢ አስገቡት። የቡድሃ መነኮሳትም አብረዋቸው ነበሩ።

የተማሪዎች ማኅበር ሕንፃ የነበረበትን ቦታ መረጡ። ያንን ሕንፃ በ1962 የኔ ዊን ወታደሮች በፈንጂ አፍርሰውታል። እነዚህ ልጆች በዚያ ባዶ መሬት ላይ በእጃቸው መቃብር ሠሩ። ዲሴምበር 11 ገና ሳይነጋ ወታደር ግቢውን ወረረ። ሳጥኑን ወስዶ ሽዌዳጎን ፓጎዳ ከሚባለው ታላቅ የቡድሃ ቤተ መቅደስ አጠገብ ቀበረው። ከተማው ተናወጠ፣ ሰው ሞተ፣ ብዙዎች ታሰሩ፣ ወታደራዊ አዋጅ ታወጀ።

ዓለምን ሲሸመግል የኖረ ሰው በአገሩ በሰላም አፈር ሳይለብስ ቀረ። በሕይወት ሳሉ ስለሠሩት የምታውቁ እባካችሁ ጻፉ።

መምህር ዘደሴ

ወንድሜ የቀበና ልጅ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ በጡረታ ላይ ያለሁ መምህር ነኝ። ስለዚህ የምጽፈው ስለ መምህሩ ታንት ነው።

መጀመሪያ ስለ ስማቸው። ስማቸው ታንት ብቻ ነው። የአባት ስም የላቸውም፤ የበርማ ወግ እንደዚያ ነው። «ኡ» የሚለው የማክበሪያ ቃል ነው፤ እኛ አቶ ወይም ጋሼ እንደምንለው። ገና ልጅ ሲሆን «ማውንግ» ይባላል። እኩያ «ኮ» ይባላል። ዕድሜና ክብር ሲመጣ «ኡ» ይባላል።

በ1909 ፓንታናው በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። የኢራዋዲ ወንዝ ወደ ባሕር ሲጠጋ የሚበታተንበት የሩዝ አገር ነው። አባታቸው ደህና ኑሮ የነበራቸው ሰው ናቸው፤ ራንጉን ውስጥ አንድ ጋዜጣ ሲመሠረትም እጃቸው አለበት። ታንት የ14 ዓመት ልጅ ሳሉ አባት ሞቱ። ከዚያ የውርስ ክርክር መጣ። እናትየው አራት ወንዶች ልጆች ይዘው ችግር ላይ ወደቁ። የቤቱ በኩር ታንት ናቸው።

የበኩር ልጅ ሸክም ምን እንደሆነ እዚህ ቤት ያለ ሁሉ ያውቀዋል። ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ ግን አራት ዓመት መቆየት አልቻሉም። የሁለት ዓመቱን የመምህርነት ሰርተፊኬት ይዘው ወደ ፓንታናው ተመለሱ። ታናናሾቻቸው መማር ነበረባቸው። በአገር አቀፉ የመምህራን ፈተና አንደኛ ወጡና በ25 ዓመታቸው ርዕሰ መምህር ሆኑ። ኡ ኑም የመጡት እዚሁ ትምህርት ቤት ነው። የኋላው ጠቅላይ ሚኒስትርና የኋላው ዋና ጸሐፊ በአንዲት የገጠር ከተማ አንድ ትምህርት ቤት ሲያስተዳድሩ አስቡት። ታንት ማታ ማታ ቲላዋ በሚል የብዕር ስም ለጋዜጣ ይጽፉ ነበር።

ከነፃነት በኋላ ኡ ኑ ወደ ራንጉን ጎትተው አመጧቸው። ማስታወቂያ፣ ሬዲዮ፣ ከዚያ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጸሐፊ። አገሪቱ ወዲያው የእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ገባች። ታንት የካረን ብሔረሰብ አማፅያን ሰፈር ድረስ ለዕርቅ ሄደዋል። ዕርቁ አልያዘም። በ1949 አማፅያኑ ፓንታናውን ሲያቃጥሉ የእሳቸውም ቤት አብሮ ነደደ። ቤቱ ተቃጥሎበትም ሽምግልናን ያልጠላ ሰው ነው።

እኔ 31 ዓመት አስተምሬያለሁ። ሁለት ልጆች ሲደባደቡ ጮኸህ የገባህ እንደሆነ ሁለቱም አንተ ላይ ይዞራሉ። ዝቅ ባለ ድምፅ ስትናገር ግን ለመስማት ሲሉ ይቆማሉ። የኡ ታንት የኋላ ሥራ ሁሉ እዚያ ክፍል ውስጥ የተማሩት ነው ብዬ አምናለሁ።

ዓባይ ማዶ

መምህር፣ ስላካፈሉን እናመሰግናለን። በ1955 ኢንዶኔዥያ ባንዱንግ በተደረገው የእስያና የአፍሪካ ጉባኤ ላይም ነበሩ። የጉባኤው ጸሐፊ ሆነው ሠርተዋል። 29 አገሮች ተገኝተዋል፤ ኢትዮጵያም አንዷ ነበረች። በ1957 በተባበሩት መንግሥታት የበርማ ቋሚ መልእክተኛ ሆኑ። እዚያም ስለ አልጄሪያ ነፃነት የሚሟገተውን የአፍሪካና የእስያ አገሮች ኮሚቴ በሊቀመንበርነት መርተዋል። አፍሪካውያን ያመኗቸው ከዚያ ጀምሮ ነው።

ሴፕቴምበር 1961 ዋና ጸሐፊው ሐመርሾልድ ንዶላ አጠገብ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። አሜሪካና ሶቪየት በምንም የማይስማሙበት ጊዜ ነው። ሶቪየቶች ጭራሽ በአንድ ዋና ጸሐፊ ፋንታ ሦስት ሰው ይቀመጥ ይሉ ነበር። በታንት ግን ተስማሙ። ኖቬምበር 3 በሙሉ ድምፅ ተመረጡ፤ በተጠባባቂነት።

ዓመት ሳይሞላቸው የኩባ ሚሳይል ቀውስ መጣ፤ ሶቪየቶች ኩባ ላይ የኑክሌር ሚሳይል አስቀምጠው ነው። ይሄ ነው ብዙ ሰው የማያውቀው። የአሜሪካው ኬኔዲና የሶቪየቱ ክሩስቾቭ ታሪክ ሲወራ የእሳቸው ስም አይነሳም። ኦክቶበር 24 ቀን 1962 የሶቪየት መርከቦች ወደ ኩባ እየቀዘፉ ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል መንገድ ዘግቶ ይጠብቃል። ኡ ታንት ለሁለቱም አንድ ዓይነት ደብዳቤ ጻፉ። አንተ መሣሪያ መላክህን አቁም፣ አንተም መንገድ መዝጋትህን አቁም፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት ብቻ፣ እስከዚያ እንነጋገር የሚል ነው። በማግሥቱ ደግሞ ሌላ ላኩ። ክሩስቾቭን መርከቦችህ ወደዚያ ክልል አይጠጉ አሉት። ኬኔዲን ግጭት እንዳይነሳ የተቻለህን አድርግ አሉት።

የኛ ሽማግሌ የሚያደርገውን አስተውሉ። ሁለት ጎረምሳ ፊት ለፊት ተፋጠው ማንም ቀድሜ አልመለስም ሲል ሽማግሌው መሐል ይገባና «ስለ እኔ ስትሉ» ይላል። ያኔ የሚመለሰው ፈርቶ ሳይሆን ሽማግሌ አክብሮ ይሆናል። ክሩስቾቭ መርከቦቹን ሲያቆም ለአሜሪካ ተንበረከክሁ ማለት አላስፈለገውም። የዋና ጸሐፊውን ልመና ተቀበልሁ አለ።

ከዚያ ሐቫና ሄዱ። የኩባው መሪ ካስትሮ ተቆጣጣሪ በአገሬ አይገባም ብሎ እንቢ አለ። በዚያ በኩል ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። አንድ ነገር ግን ይዘው መጡ። ኩባ ላይ ተመትቶ የወደቀው የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላን አብራሪ አስከሬን ለቤተሰቡ እንዲመለስ ካስትሮን አስፈቀዱ። የቀበና ልጅ የጻፍከውን ሳነብ መጀመሪያ የመጣብኝ ይሄ ነው። የሌላ አገር እናት ልጇን እንድትቀብር የለመኑ ሰው ናቸው።

ብርቱካን ከአዳማ

ዓባይ ማዶ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያው በ1962 ልጃቸው ቲን ማውንግ ራንጉን ውስጥ ከአውቶቡስ ላይ ወድቆ ሞተ። ገና የ20ዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ወጣት ነበር። አንድ ወንድ ልጅ ቀደም ሲል በሕፃንነቱ ሞቶባቸዋል። የቲን ማውንግ ሐዘን ገና ልባቸው ውስጥ እያለ ነው ያንን የኦክቶበር ደብዳቤ የጻፉት። ኡ ታንት ሁሌ ፊታቸው አይለወጥም፣ ቀዝቃዛ ናቸው ይባሉ ነበር። አጥባቂ ቡድሂስት ናቸው፤ ስሜትን መግራት ከልጅነት የተማሩት ነው። እኔ ልጅ የቀበርኩ እናት ነኝ። ፊቱ የማይለወጥ ሰው ሁሉ አላዘነም ማለት አይደለም።

ከሐይፋ

ብርቱካን እህቴ፣ ፈጣሪ ያጽናሽ።

እኔ ግን ሌላውን ገጽ ማንሳት አለብኝ። እኔ ባለሁበት አገር የኡ ታንት ስም በበጎ አይነሳም። ምክንያቱ 1967 ነው። ከ1956ቱ ጦርነት በኋላ የተባበሩት መንግሥታት ጦር በግብፅና በእስራኤል ድንበር ላይ ቆሞ ነበር። ከ10 ዓመት በላይ ጸጥታ ይዞ ቆየ። ሜይ 1967 የግብፁ ፕሬዚዳንት ናስር ውጡልኝ አለ። ኡ ታንትም እሺ ብለው አስወጡት። ናስር ወዲያው የእስራኤል መርከቦች ወደ ቀይ ባሕር የሚወጡበትን የቲራን ወሽመጥን ዘጋ። ጁን 5 ጦርነት ፈነዳ። የእስራኤሉ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አባ ኢባን በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሲናገር፣ ጭሱ ገና ሲታይ ከቦታው የሚጠፋ የእሳት አደጋ ብርጌድ ምን ይጠቅማል ብሎ ጠየቀ። እኔም ይሄን ጥያቄ አልፌ መሄድ አልችልም። ቢያንስ ጊዜ መግዛት ይችሉ ነበር። በኩባ ጊዜ ሁለትና ሦስት ሳምንት የጠየቁ ሰው እዚህ ጋ ለምን ወዲያው እሺ አሉ?

ዓባይ ማዶ

ጥያቄህ ከባድ ነው፤ በአክብሮት ልመልስልህ። ያ ጦር በግብፅ ፈቃድ የገባ ነው። በግብፅ መሬት ብቻ ነበር የቆመው፤ እስራኤል በበኩሏ ድንበር እንዲቆም አልፈቀደችም። ኡ ታንት በዚያ ሳምንትም ጦሩ ወደ እስራኤል በኩል ይሻገር ብለው ጠይቀው ነበር፤ መልሱ አይሆንም ነው። ሦስት ሺሕ ከምናምን ቀላል መሣሪያ የያዘ ወታደር ነው። ዋነኞቹ ሕንድና ዩጎዝላቪያ ደግሞ ግብፅ ካለች እንወጣለን ብለዋል። የግብፅ ወታደሮችም ትእዛዝ ሳይጠብቁ ወደ ጥበቃ ጣቢያዎቹ መግባት ጀምረዋል። የእምቢታ ጉልበቱ ከየት ይመጣል?

ከዚያም ቁጭ አላሉም። ራሳቸው ወደ ካይሮ በረሩ። ናስር የወሽመጡን መዘጋት ያወጀው እሳቸው መንገድ ላይ እያሉ ነው። ታላላቆቹ መንግሥታት በዚያ ሰሞን ለምንም ነገር አልተስማሙም፤ ሲያልቅ ግን ጥፋቱን አንድ ሰው ላይ ጣሉት።

ከሐይፋ

የሕንድና የዩጎዝላቪያን ነገር አላውቅም ነበር። እሱ ሚዛኑን ይለውጠዋል። ቢሆንም ጥያቄውን ለጠቅላላ ጉባኤው ማቅረብ ይችሉ ነበር የሚል እምነቴ አልተነቀለም። ጥሩ ሰው መሆናቸውን ግን አልክድም።

የሚኒሶታ ሰው

ቬትናምን አትርሱ። በ1964 አሜሪካና ሰሜን ቬትናም በምስጢር ራንጉን ላይ እንዲነጋገሩ መንገድ ጠርገው ነበር። ሃኖይ እሺ አለች። ዋሺንግተን ግን ሳትቀበለው ቀረች። ፌብሩዋሪ 1965 ጋዜጠኞች ፊት ቀርበው የአሜሪካ ሕዝብ እውነተኛውን ነገር ቢያውቅ ኖሮ ተጨማሪ ደም መፍሰስ እንደማያስፈልግ ይስማማ ነበር የሚል ሐሳብ ተናገሩ። የፕሬዚዳንት ጆንሰን መንግሥት ተቆጣ። ከዚያ በኋላ እዚህ አገር በሩ ጠበበባቸው። ስማቸው የጠፋበት አንዱ ምክንያት ይሄ ይመስለኛል። ለኃያል መንግሥት እውነቱን በአደባባይ የነገረ ሰው የሚያስታውሰው ወገን ያጣል።

የዘማች ልጅ

ይሄን ሁሉ ሳነብ ቆይቼ ነው። ዝም ማለት አልቻልኩም። አባቴ ኮንጎ ዘማች ነው። በተባበሩት መንግሥታት ሥር ወደዚያ የተላከው የኢትዮጵያ ጦር፣ የጠቅል ብርጌድ።

ሳሎናችን ውስጥ አንድ ፎቶ አለ። አባቴ ሰማያዊ ቆብ አድርጎ፣ ቀጭን ሆኖ፣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ጂፕ ላይ ተደግፏል። በጀርባው «ኤልሳቤትቪል» ተብሎ በእርሳስ ተጽፏል። የዛሬዋ ሉቡምባሺ ናት። ልጅ ሆኜ የንግሥት ስም ይመስለኝ ነበር።

እንደምታውቁት ካታንጋ በቾምቤ መሪነት ከኮንጎ ተገንጥላ ነበር። መዳቧና ማዕድኗ ብዙ ስለሆነ የውጭ ኩባንያና ቅጥር ወታደር ከኋላዋ ነበረ። የሐመርሾልድ ሞትም ከዚሁ ጉዳይ ጋር የተያያዘ ጉዞ ላይ ነው። ኡ ታንት ይሄን የተቃጠለ ድስት ተረከቡ። ከኤፕሪል 1962 ጀምሮ ደግሞ በኮንጎ የጠቅላላው የድርጅቱ ጦር አዛዥ የኛው ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬ ነበሩ። የሕንዱም የስዊድኑም ወታደር በኢትዮጵያዊ ጄኔራል ሥር ማለት ነው። ዲሴምበር 24 የካታንጋ ጦር ኤልሳቤትቪል ላይ በኛ ልጆች ላይ መተኮስ ጀመረ። አራት ቀን ያህል ትዕግሥት ተደረገ። ዲሴምበር 28 ኡ ታንት ፈቀዱና ጦሩ ተንቀሳቀሰ። በጥር 1963 ግንጠላው አበቃ።

ሰላም ወዳዱ ቡድሂስት ጦር ማዘዛቸው ብዙ እንዳስጨነቃቸው አንብቤያለሁ። ዛሬ ማታ አባቴ ጋ እደውላለሁ። የነገረኝን እጽፍላችኋለሁ።

እማማ ዘሸዋ

ልጆቼ፣ ጄኔራል ከበደ ገብሬን ስታነሱ ሆዴ ተላወሰ። ኮሪያም የዘመቱ ሰው ናቸው። ኅዳር 14 ቀን 1967 በኛ አቆጣጠር ደርግ ያለ ፍርድ ከረሸናቸው ስድሳዎቹ አንዱ እሳቸው ናቸው። በፈረንጆቹ ኖቬምበር 23 ቀን 1974 ማለት ነው። አሁን የቀበና ልጅ የጻፈውን ቀን ሳይ፣ ኡ ታንት የሞቱት በሁለተኛው ቀን ነው።

እኔ ያኔ አዲስ አበባ የመንግሥት ሠራተኛ ነበርኩ። ሬዲዮው ስም ሲጠራ ቢሮው ውስጥ ማንም ቀና አላለም። አንዷ የጽሕፈት መኪናዋ ላይ እንደተደፋች ቀረች። ስሙ አልቆም የሙዚቃው ድምፅ ሲመጣ እንኳ የተንቀሳቀሰ የለም። የኡ ታንትን ሞት የሰማሁት ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው። በዚያ ሰሞን የሩቅ ሰው ሞት የሚሰማበት ጆሮ አልነበረንም። ኮንጎ ላይ አንድ ሥራ የሠሩ ሁለት ሰዎች በአንድ ሳምንት ሞተው፣ አንዱ በጅምላ ጉድጓድ ተጣሉ፣ የሌላው ሳጥን ሲነጠቅ ሰነበተ። ዛሬ ገና ነው ሁለቱን አንድ ላይ ያየኋቸው።

የቀበና ልጅ

እማማ፣ ይሄን አላውቅም ነበር። ክሩን ስከፍት ስለ ሩቅ ሰው የምጽፍ ነበር የመሰለኝ። ዕድሜ ይስጥልን።

የዘማች ልጅ

ደወልኩ። አባቴ 85 ዓመቱ ነው፤ ጆሮው ትንሽ ይቸገራል። ኡ ታንት ስለው ወዲያው «ኡ ታንት፣ አዎ፣ አለቃችን» አለ። ያን የፈረንጅ ገና ዋዜማ ያስታውሳል። ጥይት ይመጣባቸዋል፣ መልስ አትስጡ ተብለዋል። ግንብ ሥር ተኝተው ያድራሉ። አንድ የሐረር ልጅ በብስኩት ቆርቆሮ ሻይ ያፈላላቸው ነበር። «በጣም ተናድጄ ነበር» አለኝ። «ኒውዮርክ ተቀምጦ ታገሡ ማለት ቀላል ነው ብዬ ነበር።»

ልጃቸው በዚያው ዓመት መሞቱን ነገርኩት። ዝም አለ። ከዚያ የቀብሩን ነገር አነበብኩለት፤ ተማሪዎቹን፣ የተቀማውን ሳጥን፣ ወታደሩን። ስጨርስ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «አሁንስ መቃብሩ በወግ ነው ያለው? የሚጠይቀው ሰው አለ?»

ምን ልበለው?

የቀበና ልጅ

ለአባትሽ እንዲህ በይልኝ። መቃብሩ አለ። ከሽዌዳጎን ፓጎዳ በታች ነው። የመጨረሻዋ የበርማ ንግሥት ሱፓያላትም እዚያው አጠገባቸው ናቸው። ራንጉን ውስጥ የኖሩበት ቤት ታድሶ ሙዚየም ሆኗል፤ ሰው ይገባል፣ ያያል። የልጅ ልጃቸው ታንት ሚንት ኡ የታወቀ የታሪክ ሰው ሆኖ ስለ አያቱ ይጽፋል። ኒውዮርክም ከድርጅቱ ሕንፃ ፊት ለፊት፣ ወንዙ መሐል ያለች አንዲት ጥቁር ድንጋያማ ደሴት በስማቸው ትጠራለች።

ያንን የጂፕ ፎቶ ከፈቀደ ለጥፊልን። በጀርባው ያለውን የእርሳስ ጽሑፍም።